ራዲያተር የጠላ ጋን አይደለም!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፡፡ የመኪናችሁን የራዲያተር ውሃ ሙልጭ አድርጋችሁ የቀየራችሁት መቼ ነው? «ሲጎድል እጨምርበታለሁ» ካላችሁኝ የዛሬው ጨዋታ ለእናንተ ነው፡፡ እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ፡፡ የቧንቧ ውሃ በሃይላንድ እየቀዳሁ ገልበጥ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ምን አውቄ!

በጥር 2010 ዓ.ም. የእህቴን ቬሎ ኋላ ወንበር ላይ አጋድመን፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ በአሮጊቷ ዲኤክሴ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ጀመርን፡፡ ሰርጉ በማግስቱ ነው፡፡ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወረድን፣ አባይን ተሻገርን፡፡ የደጀንን ዳገት ሳናጋምስ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ተለጠፈ፡፡ ኮፈኑን ስንከፍት እንፋሎቱ አያድርስ ነው፡፡ እኔ ጀግናው ደግሞ ጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ልፈታ! ከኋላችን የቆሙ ሸምገል ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር «አንተ ልጅ፣ ተው!» ብለው ጮኹ፡፡ አልደረሱልኝም፡፡ የፈላው ውሃ ክንዴን ገሸለጠው፡፡ በሰርጉ ፎቶ ላይ በፋሻ ተጠቅልሎ የሚታየው እጅ የእኔ ነው፡፡

ሰውየው አንድ ሰዓት ያህል ጥላ ስር አስቀመጡንና መኪናዋ ስትበርድ ከጀሪካናቸው ሞሉልን፡፡ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ድፍድፍ በጣታቸው ዝቀው እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ይኼ ራዲያተር ነው ወይስ የጠላ ጋን?» አሉኝ፡፡ ምን ልመልስ?

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ተራ ውሃ ብረት ያዝጋል፡፡ የጉድጓድ ውሃ ሲሆን ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምታዩት ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይጥላል፡፡ ሁለቱ ተባብረው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናሉ፡፡ ሌላም አለ፡፡ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው፡፡ የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ ከ80 እስከ 90 ባለው ውስጥ ነው፡፡ ልዩነቷ ትንሽ ናት! ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው፡፡ የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ሞተራችሁን በክፍት ድስት እየነዳችሁ ነው ማለት ነው፡፡

እንግዲህ አንድ እሁድ ጠዋት፣ መኪናዋ አድራ ቀዝቃዛ ስትሆን፣ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙና የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፡፡ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል፡፡

1ኛ. ከስር ሳፋ አስቀምጡ፡፡ ክዳኑን ክፈቱና ከራዲያተሩ ግርጌ ያለውን ማፍሰሻ ፍቱ፡፡

2ኛ. ማፍሰሻውን ዝጉና ንጹህ ውሃ ሙሉ፡፡ የውስጥ ማሞቂያውን መጨረሻ ሙቅ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ እዚያ የተኛው ቆሻሻ አይወጣም፡፡ ክዳኑን ገጥማችሁ ሞተሩን አስነሱ፡፡ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፡፡ አጥፉት፣ አቀዝቅዙት፣ አፍስሱት፡፡ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድገሙት፡፡ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃልና አትቸኩሉ!

3ኛ. አሁን ኩላንት፡፡ «አገራችን በረዶ የለ፣ ምን ያደርግልኛል?» እንዳትሉ፡፡ ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍላቱንም ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፡፡ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ነው የሚደባለቀው፡፡ ያልተበረዘ ከገዛችሁ መጀመሪያ መኪናዋ ከምትይዘው ግማሹን ያህል ኩላንት ጨምሩ፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ አለና፡፡ የቀረውን በተጣራ ውሃ ሙሉት፡፡ የባትሪ አሲድ በስህተት እንዳታመጡ! ዓይነቱ የተለያየ ኩላንትም አትደባልቁ፡፡

4ኛ. ክዳኑን ሳትገጥሙ ሞተሩን አስነሱ፡፡ የታፈነው አየር እየተንቡቀቡቀ ሲወጣ ደረጃው ይወርዳል፤ እየጨመራችሁ ሙሉት፡፡ መንቡቅቡቁ ሲያበቃ ክዳኑን ግጠሙ፡፡ እጃችሁንና ሻርፓችሁን ከቬንትሌተሩ አርቁ፡፡ በማግስቱ ጠዋት፣ በብርዱ፣ ደረጃውን ደግማችሁ እዩ፡፡

የፈሰሰውን የት እንድፋው? ቦይ ውስጥ አይሆንም፡፡ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ የጎረቤት ውሻ ይልሰዋል፣ ልጅም ይቀምሰዋል፡፡ በጀሪካን ከድናችሁ፣ ጽፋችሁበት፣ የሚቀበል ጋራዥ አፈላልጉ፡፡

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ውሃው ደግሞ ከጎደለ፣ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ካላቆመ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል፡፡ እሱ የደጃፍ ሥራ አይደለም፤ መካኒክ ጋ ሂዱ፡፡

እኔ ከሰርጉ መልስ ዲኤክሴን ያጠብኳት ሦስት ጊዜ ነው፡፡ የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ንጹህ፡፡ ክዳኑንም ቀየርኩ፡፡ በዓመቱ ያንኑ ዳገት ስወጣው ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አላለም፡፡ እኚያን ሹፌር በዓይኔ ብፈልግም አጣኋቸው፡፡ ባገኛቸው ኖሮ ክዳኑን ከፍቼ አሳያቸው ነበር... ከበረደ በኋላ ነዋ!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን፡፡