ስም ከመቃብር በላይ ነው

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ የተከራከርነው ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ድግስ ነበር። ወላጆቻችን ያዋጡት ገንዘብ ለአዳራሽ፣ ለመኪና ኪራይና ለቪዲዮ ይዋል ያልን ነበርን፤ ለታናናሾቻችን የአማርኛ መጻሕፍት ይገዛበት ያልንም ነበርን። ክርክሩ በጦፈበት ሰዓት፣ አምና ሞምባሳን ስንጎበኝ ያየነው አንድ መቃብር ትዝ አለን።

መቃብሩ የሮዚና ክራፕፍ ነው። ባለቤቷ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር። ወደ ኬንያ ከመምጣቱ በፊት ከ1839 እስከ 1842 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጧል፤ ወንጌልንም ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀምሮ ነበር። ከሸዋ ወጥቶ ካገባ በኋላ ከሮዚና ጋር ለመመለስ ቢሞክርም አልተሳካለትም። በዚያ ጉዞ ላይ፣ ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚወስደው በረሃ፣ ሮዚና ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ አልቆየችም። ያወጡላት ስም ግን በእኛው ቋንቋ ነበር፤ «እንባ» አሏት።

በ1844 ሞምባሳ ገቡ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሮዚና ሌላ ሴት ልጅ በወለደች በቀናት ውስጥ በንዳድ ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት። ሮዚና የተናዘዘችው ከደሴቲቱ ማዶ፣ መንገደኛ በሚያልፍበት ስፍራ እንድትቀበር ነበር፤ የሚያልፈው ሰው ለምን እንደመጡ እንዲያስብ ብላ። ክራፕፍም ራሱ ታሞ ሳለ ለላኩት ሰዎች ሲጽፍ፣ ይህ መቃብር ሥራው ለመጀመሩ ምልክት ነው አላቸው።

አገሩ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ግን ቀረ። በ1846 ከዮሐነስ ሬብማን ጋር ራባይ ላይ ጣቢያ አቋቋመ። በ1850 የኪስዋሂሊ ሰዋስው አሳተመ። የደከመበት የኪስዋሂሊ መዝገበ ቃላት የታተመው ግን በ1882፣ እሱ በሞተ በዓመቱ ነው። ሊያጠምቃቸው ከመጣው ሰዎች መካከል በዘመኑ ያመኑለት በጣም ጥቂት ነበሩ። በዓለም ሚዛን ቢመዘን ከሰረ የሚባል ሰው ነው።

ክራፕፍ ዘላለማዊ የሚለው የነፍስን መዳን ነበር። በክፍላችን ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም አለን፤ በሃይማኖት ጉዳይ ሁላችንም አንድ አንልም። ዓለም ኃላፊ ናት የሚለውን ግን ሁላችንም በየቤታችን ሰምተን አድገናል። ከባዱ ነገር ሰምቶ እንደዚያው መኖር ነው።

ከመካከላችን አንዷ ያነሳችው ጥያቄ ግን እስካሁን አልለቀቀንም፤ «ክራፕፍ መርጦ መጣ፤ ሮዚናም መርጣ መጣች፤ እንባን ማን ጠየቃት?» አለች። መልስ አላገኘንለትም። የተማርንበት ግን አለ፦ ለትልቅ ዓላማ የሚከፈለውን ዋጋ ብዙ ጊዜ አብረው የሚከፍሉት የቤት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለዘላለማዊ ነገር እሠራለሁ የሚል ሰው፣ አጠገቡ ያለውን ሰው መርሳት የለበትም።

ገንዘብ ክፉ ነው ማለታችንም አይደለም። ወላጆቻችን ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ሱቅ ከፍተው፣ ማታ ደክመው የሚገቡት ለእኛ ብለው ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያችን የተከፈለው በዚያ ላብ ነው። ልፋታቸው ከንቱ የሚሆነው እኛ ለአንድ ቀን ታይታ ስንበትነው ነው። በኪራይ መኪና ተነስተን የምንለጥፈው ፎቶ በሳምንቱ ይረሳል። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አማርኛ ማንበብ ከቻለ ግን፣ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ነገ ደግሞ የራሱን ልጆች ያስተምራል።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ድግሱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሆናል፤ እንጀራና ወጡን እናቶቻችን ያዘጋጃሉ፤ የተረፈው ገንዘብ ለመጻሕፍት ይውላል። ሁላችንም ደስ አላለንም፤ ቅር ያላቸውም አሉ። ቢሆንም ትክክል እንደሆነ እናምናለን። በመጻሕፍቱ ላይ ስማችንን አንጽፍም። የሚቀጥሉት ተመራቂዎችም ተራው ሲደርሳቸው በመደርደሪያው ላይ እንዲጨምሩበት አደራ እንላለን።