ማይክሮስኮፕ የማይፈርደው ክርክር

ካፒቶል ሂል ከሲያትል ሰፈሮች ሁሉ ሃይማኖት የራቀው ነው እየተባለ ይታማል። በእግሩ ለዞረው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። 18ኛው ጎዳና ላይ የቅዱስ ዮሴፍ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ 14ኛው ላይ የጥቁር አሜሪካውያን ሜቶዲስቶች፣ 13ኛው ላይ የሩሲያ ኦርቶዶክሶች፣ 11ኛው ላይ ሉተራኖች፤ በሰሜን ጫፍ ደግሞ የቅዱስ ማርቆስ ኤፒስኮፓል ካቴድራል። ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) በ1891 የመሠረቱት ሲያትል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ እዚህ ኮረብታ ላይ እኖራለሁ። ሥራዬ የሆስፒታል ላብራቶሪ ነው፤ ፈረቃዬም የሌሊት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና ሲፈላ ሦስት ዓይነት ክርስትና ይቀመጣል፦ እኔ ተዋሕዶ፣ የእህቴ ባል የወለጋ ልጅና የመካነ ኢየሱስ ሰው፣ ጓደኛችን ደግሞ የአዲግራት ካቶሊክ። በረካው ሳይደርስ ክርክሩ ይደርሳል። «እኛ ከሳይንስ ጋር ጠብ የለንም፤ ዩኒቨርሲቲያችን ያው፣ በመስኮት ይታያል» ትላለች የአዲግራቷ። «ጋሊልዮን ታዲያ ማን አሰረው?» ይላታል እሱ። እሷ ዝንጀሮና ዳርዊንን ታነሳበታለች። እሱም እሳት ይጎርሳል።

እኔ ለሁለቱም አልፈርድም። ካቶሊክንና ፕሮቴስታንትን በእውነት የሚለያየውን ነገር ላብራቶሪ አይዳኘውም። ላብራቶሪ ሊዳኘው የሚችለው ነገር ደግሞ እነሱን አይለያያቸውም፤ ሁለቱንም ቤት መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል።

አንድ ቀን የእህቴ ባል ሊያበሽቃት ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንቺ እዚያ ማይክሮስኮፕ አለሽ። ካህኑ የባረከውን ኅብስት አስቀምጪበትና ሥጋ ይሁን ስንዴ ንገሪን» አለኝ። ተሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት። ምክንያቱም ከማይክሮስኮፑ ሥር የሚታየው የስንዴ ስታርች መሆኑን ከማንም በፊት የምትነግርህ ራሷ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት። የትሬንት ጉባኤ በ1551 የደነገገው የሚለወጠው ባሕርዩ እንደሆነ፣ መልኩ ግን የኅብስትና የወይን ሆኖ እንደሚቀር ነው። መልክ፣ ጣዕም፣ ክብደት፣ እኔ የምለካው ሁሉ ባለበት ይቀራል። እንግዲህ የእኔ ምርመራ ስንዴ ቢያሳይ ትሬንት አልተረታችም፤ «መታሰቢያ ብቻ ነው» ያለው የዙሪኩ ዝዊንግሊም አላሸነፈም። ሁለቱም ውጤቱን አስቀድመው ያውቁት ነበር። እኔ ለቆረብኩበት መሠዊያም እንዲሁ ነው፤ አማናዊ ሥጋና ደም ነው ብዬ ስቀበል ከላብራቶሪ ማስረጃ ጠይቄ አላውቅም፤ ላብራቶሪም አልከለከለኝም።

የእህቴን ባል ያስገረመው ግን ሌላ ነው። ሉተር ራሱ በ1529 ማርቡርግ ላይ ከዝዊንግሊ ጋር ሲከራከር የጌታን ቃል ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ አልንቀሳቀስም ያለው፣ ክርስቶስ በቁርባኑ በእውነት አለ ብሎ ነው። በዚህ ነገር የመካነ ኢየሱስ ልጅ ከባፕቲስት ጎረቤቱ ይልቅ ለአዲግራቷ ይቀርባል። ስለ መጽደቅም ቢሆን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ቫቲካን በ1999 አውግስቡርግ ላይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ መካነ ኢየሱስም የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ይህን በቡናው ላይ ስነግራቸው ሁለቱም አልሰሙም ነበር።

አሁን ወደ ዳርዊን። በ2004 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዶቨር በምትባል ከተማ የትምህርት ቦርዱ ተማሪዎች ስለ ኢንተለጀንት ዲዛይን እንዲነገራቸው ወሰነ፤ ሕይወት በብልህ ነዳፊ የተሠራ ነው የሚለው ሐሳብ ማለት ነው። የዚህ ሐሳብ ዋና አራማጅ ዲስከቨሪ ኢንስቲትዩት መቀመጫው እዚሁ ሲያትል ነው። ወላጆች ከሰሱ። ለቦርዱ የመሰከረው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ማይክል ቢሂ ካቶሊክ ነው። ለወላጆቹ የመሰከረው የባዮሎጂ ሊቅ ኬኔት ሚለርም ካቶሊክ ነው። ሐሳቡ ሳይንስ አይደለም ብሎ የፈረደው ዳኛ ጆን ጆንስ ደግሞ ሉተራን። «ካቶሊክ ይቀበላል፣ ጴንጤ ይክዳል» የሚለውን ብይን እዚህ ችሎት ላይ የት እናስቀምጠው? የሰውን ዘረመል ያነበበውን ታላቅ ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር፤ ዓለም ከአንዲት ነጥብ ተነስታ ሰፋች ያለው ለሜትርም ካቶሊክ ካህን።

ጋሊልዮስ? እሱን አልሸፍንም። ግን የእኛ ሰው ያን ዘመን ከራሱ አገር አንጻር ቢያየው ደስ ይለኛል። የጋሊልዮ መጽሐፍ ፍሎረንስ ላይ የታተመው በ1632 ነው። በዚያው ዓመት አፄ ሱስንዮስ ከብዙ ደም በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። በ1633 ሮም ጋሊልዮን አስበረከከችው፤ አፄ ፋሲል ደግሞ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ወደ ማስወጣቱ ገቡ። ከነዚያው ኢየሱሳውያን አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቶ በጥንቃቄ የጻፈ አዋቂ ነበር። ከሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ነው የተጠመቀውን ዳግም ላጥምቅ፣ የተቀደሰውን ታቦትና ቤተ ክርስቲያን ዳግም ልባርክ፣ ጾምና በዓላችሁን ልለውጥ ብሎ አገር ያሳመፀው። ሕዝቡ በሳይንስ ላይ አልተነሳም። በማን ሥልጣን ታዝዘናለህ ብሎ ነው የተነሳው።

ይኸው የሥልጣን ጥያቄ ነው በእኔ አስተያየት ካቶሊክንና ፕሮቴስታንትን በሳይንስ ፊት የተለያዩ የሚያስመስላቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድ አፍ አላት፤ ስትሳሳትም በአንድ አፍ ትሳሳታለች፤ ስታርምም በአንድ አፍ ታርማለች፤ ያውም ቀስ ብላ። በጋሊልዮ ላይ የተፈጸመው ስህተት እንደነበር ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በይፋ የተናገሩት በ1992 ነው። ፕሮቴስታንቱ ግን አንድ አፍ የለውም። የኮፐርኒከስን መጽሐፍ ለማተሚያ ቤት ያበቃው ወጣቱ የዊተንበርግ መምህር ሬቲከስ ሉተራን ነበር፤ መጽሐፉ የተሰጠው ግን ለሮማው ጳጳስ ነው። በሌላ በኩል ጳጳሱ በ1582 የቀን መቁጠሪያውን ሲያርሙ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም ከሮም መጣ ብላ እንግሊዝ እስከ 1752 እምቢ አለች። (እኛስ? ዛሬም እምቢ ብለናል፤ እኔም በመስከረሙ እንቁጣጣሽ ደስ ይለኛል።) ስለዚህ «ፕሮቴስታንት ስለ ዝግመተ ለውጥ ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። የትኛው ፕሮቴስታንት?

ይህን ሁሉ የምጽፈው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባዮሎጂ ይወዳል። በቅርቡ መጥቶ፣ «አክስቴ፣ የወጣቶች አስተማሪያችን ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው፣ ይህን ያላመነ ወንጌሉን አላመነም አለን፤ አንቺ ታምኛለሽ?» አለኝ። ለሥራዬ የማበቅላቸውን ባክቴሪያዎች አሳየሁት፤ መድኃኒቱ ያልበገራቸው ብቻ ተርፈው፣ ተባዝተው፣ ሳህኑን ሲሞሉ። አባቱ ከሩቅ ሰምቶ «እሱ ትንሹ ለውጥ ነው፤ ትልቁን አላሳየሽውም» አለ። እውነቱን ነው፤ ትልቁን የሚያሳየው የእኔ ሳህን ሳይሆን ሐዳር ነው። ድንቅነሽ በ1974 እዚያ አፋር ውስጥ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለ ዕድሜ ሆና ነው። ከጥቅምት 2008 እስከ መጋቢት 2009 ዋናው አጽሟ እዚሁ ሲያትል፣ ፓስፊክ ሳይንስ ሴንተር ነበር። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሄጄ አየኋት። አጽሟ ከአገር መውጣት አልነበረበትም ብለው የቀሩ ወዳጆች ነበሩኝ፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። ሃይማኖቴ ይከለክለኛል ያሉት ግን ያኔም አልገቡኝም።

ደግሞ ያ ስድስት ሺህ የማን ነው? የልጁ አያት ጎንደር ሆነው በባሕረ ሐሳብ ሲቆጥሩ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ብለው ነው፤ ዓለም ለሳቸው ከ7500 ዓመት አልፏታል። ስድስት ሺሁ የመጣው የአየርላንዱ አንግሊካን ሊቀ ጳጳስ አሸር በ1650 ባሳተሙት ስሌት፣ ከክርስቶስ በፊት 4004 ተብሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደገና ጉልበት ያገኘው ደግሞ በ1961 በዊትኮምና ሞሪስ የጥፋት ውኃ መጽሐፍ ነው። ሉተራኖች በ1530 አውግስቡርግ ላይ ያቀረቡት የእምነት መግለጫ ስለ ምድር ዕድሜ አንድ ቁጥር የለውም።

አስተማሪውን አላውቀውም፤ ልጆቹን እንደሚወድ እገምታለሁ። ለእህቴ ባል ግን ነግሬዋለሁ፦ ሄደህ አነጋግረው። ስለ ጽድቅ፣ ስለ ቁርባን፣ ስለ እመቤታችን ከእኔም ከአዲግራቷም ጋር እንዲከራከር ልጁን ያስተምረው፤ በደስታ እከራከረዋለሁ፤ ልጁም ይማርበታል። የ1961ን መጽሐፍ ግን ከ1530ው ጋር አንድ ላይ ጠርዞ አይስጠው። እሱም እሄዳለሁ ብሎኛል፤ በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ።