የፈተና ክልከላው ስልኩን እንጂ ሒጃቡን አይመለከትም

የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ወደ ፈተና አዳራሽ ምን ይዞ መግባት ይቻላል? መልሱ በአብዛኛው ግልጽ ነው። ሞባይል ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ታብሌትና መልእክት መቀበል የሚችል ማንኛውም መሣሪያ አይፈቀድም። ለሙስሊም ሴት ተማሪዎች ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ፍተሻው ሒጃቧ ጋ ሲደርስ ማን ነው የሚፈትሻት? የት? እንዴት?

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ክልከላውን እንደግፋለን። የምንጠይቀው አፈጻጸሙ በጽሑፍ የተቀመጠ፣ አስቀድሞ የታወቀና ክብርን የጠበቀ እንዲሆን ነው።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። ግንቦት 22 ቀን 2008 ሊጀመር የነበረው ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ በመሰራጨቱ በዕለቱ ተሰረዘ። ተተኪው ቀን ከዒድ አል-ፊጥር ጋር በመጋጨቱም ከበዓሉ በኋላ ወዳለው የሐምሌ ሳምንት ተዛወረ። በዚያን ወቅት ፌስቡክና መሰል ገጾች ተዘጉ። በ2009 ደግሞ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጥቂቶች ላፈሰሱት ፈተና ብዙኃኑ ከነጋዴ እስከ ሆስፒታል ዋጋ ከፈሉ ማለት ነው። ከ2015 ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ያለ ስልክ መፈተን ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ ማሽቆልቆል ሁሉ በኩረጃ መቅረት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ጦርነት፣ የመምህራን እጥረትና የትምህርት ጥራት ማነስም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት ምን ያህል የተማሪው የራሱ እንደነበር እንድንጠይቅ አስገድዶናል።

ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ዓመታት የተማረ ሰው ዲግሪውን ለመያዝ ይህን ማለፍ አለበት። ስለዚህ በአዳራሹ በር ላይ የሚፈጠር አንድ አለመግባባት የአንዲትን ተማሪ የአራትና የአምስት ዓመት ልፋት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የሥርዓቱን ግልጽነት አጥብቀን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ስጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። በ2017 በአክሱም ሒጃብ በመልበሳቸው ከትምህርት ገበታ የታገዱ እህቶቻችን ለ12ኛ ክፍል ፈተና መመዝገብ እንዳልቻሉ፣ ቁጥራቸውም 159 እንደነበር ተዘግቧል። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ክልከላውን የሚያግድ ጊዜያዊ ትእዛዝ አሰጥቷል። ያ ጉዳይ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ነገር ግን ደንቡ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ሁሉ የአንድ ኃላፊ ወይም የአንድ ፈታኝ የግል ስሜት ደንብ ሊሆን እንደሚችል አሳይቶናል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው አካልና ንብረት ያለ አግባብ እንዳይፈተሽ፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖት ነጻነት እንዲከበር ይደነግጋል። ሁለቱም ገደብ ሊጣልባቸው የሚችለው በሕግ፣ ለታወቀ ዓላማ ነው። የፈተና ፍተሻ ዓላማ መሣሪያ ማግኘት ነው። ከጆሮ የሚገባ ትንሽ ማዳመጫ በሒጃብ ሥር ብቻ ሳይሆን በረጅም ፀጉር፣ በኮፍያና በነጠላ ሥርም ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው ሁሉንም እኩል የሚመለከት መሆን አለበት። በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአሥር ሜትር አካባቢ ርቀት ውስጥ ስልክ ካላገኘ አይጠቅምም። በግቢው በር ላይ በብረት መፈተሻ ስልኩን መያዝና የአዳራሹን ዙሪያ መጠበቅ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። በሁሉም ፊት ሒጃብ ማስወለቅ የሚጨምረው ውርደትን እንጂ ቁጥጥርን አይደለም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በየፈተና ጣቢያው ሴት ፈታሽ ትመደብ፤ ጆሮ ማየት ካስፈለገ በመጋረጃ በተከለለ ቦታ ይሁን፤ የኒቃብ ለባሽ ተማሪዎች ማንነትም በዚያው በሴት ይረጋገጥ። የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር፣ ካልኩሌተር ለየትኛው ትምህርት እንደሚፈቀድ ጭምር፣ ከፈተናው ቀናት በፊት ይለጠፍ። ዕቃ የተያዘበት ተማሪም የያዘው ነገር በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ቅሬታውን የሚያቀርብበት ቦታም ይነገረው።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። ስልኬ ውስጥ ያለው ቁርኣንና የሶላት ሰዓት ብቻ ነው ማለት ሰበብ አይሆንም። በጣት የሚታሰር ዲጂታል ተስቢህ እንኳ ለፈታኙ ኤሌክትሮኒክስ ነውና ከቤት መተው ይሻላል። ቀለል ያለ፣ ለፍተሻ የማያስቸግር አለባበስ መምረጥ፣ ቀደም ብሎ መድረስና ሴት ፈታሽ በትሕትና መጠየቅ ብዙ ችግር ያስቀራል። ክብር የሚነካ ነገር ቢያጋጥም ደግሞ በአዳራሹ ከመጨቃጨቅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክፍሉን ቁጥር ይዞ ለዩኒቨርሲቲው የፈተና አስተባባሪና ለአካባቢው መጅሊስ ማሳወቅ ይበጃል። የግቢ ጀመዓዎችም ፈተናው ከመድረሱ በፊት ከአስተዳደሩ ጋር ቢነጋገሩ ብዙው ጉዳይ በር ላይ ሳይደርስ ያልቃል።

ኩረጃ ማታለል ነው፤ ማታለል ደግሞ በዲናችን ሐራም ነው። በኩረጃ በተገኘ ወረቀት የሚሠራ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚጎዳው ሌላውን ሰው ነው። ለዚህም ነው ሒጃብ የመሣሪያ መደበቂያ ሆኖ መገኘቱ ከማንም በፊት እኛን ሊያሳዝነን የሚገባው። አንዲት ተማሪ እንዲህ ብታደርግ ከኋላዋ ያሉ እህቶቿ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታያሉ። እኛ በሐቅ ስንፈተን፣ የእህቶቻችን ክብር ይጠበቅ የሚለው ጥያቄያችንም ይጠነክራል።

ለተፈታኞች ሁሉ አላህ ያግራላችሁ፤ የልፋታችሁን ፍሬ ያሳያችሁ። አሚን።