ቀለበቱን ማን ይጠብቀዋል፣ ፊቱንስ?
ከመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ሻጯ ፊት የሚያቀላ ክሬም ለአንዲት ወጣት እየጠቀለለች «ስትቀቢው ቀለበትሽን አውልቂ፣ ወርቁን ያበላሸዋል» ስትላት ሰማሁ። ልጅቷ አመስግና ከፍላ ወጣች። ለወርቁ የታሰበውን ያህል ለፊቷ ያሰበ አልነበረም። ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ ፊት የሚያቀላ ክሬም ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪም ወርቅን ሲነካ ይዋሐደዋል፣ ያነጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከወርቅና ከብር ይራቅ የሚል ማሳሰቢያ ያለበት የቆዳ ማቅያ ሜርኩሪ ሊኖርበት እንደሚችል ይናገራል። ሜርኩሪ ቆዳን የሚያቀላው ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት እያገደ ነው፤ ሰርጎ ገብቶም ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በትራስ ልብስ በኩል ደግሞ ክሬሙን ነክቶ የማያውቅ ሕፃን ጋ ይደርሳል። ሜርኩሪን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅያ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ መመረትም ሆነ ድንበር መሻገር አልነበረበትም፤ መደርደሪያው ግን ይህን የሰማ አይመስልም። እኔን «ከኬሚካል ነፃ» የሚል ማስታወቂያ አያሳምነኝም (ውሃም እኮ ኬሚካል ነው)። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ክሬም ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ተጽፎበት «ካሎሜል» የሚል ከተገኘም ያው ሜርኩሪ ነውና ወደ መደርደሪያው ይመለስ።