ጋሼ ቆመው የሚነዱት ለምንድን ነው?

የዚህ ወር ወጋችን ስለ ወንበር ነው። «ደግሞ የቢሮ ወንበር ልታስመርጠን ነው» ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ የማወራችሁ ስለ ጀልባ ወንበር ነው። ጀልባ የለንም ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ እኔም የለኝም። ያላቸው ባሕር ዳር የሚኖሩት አጎቴ ናቸው።

ጋሼ ጣና ላይ ሰው ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። ጀልባቸው ትንሽ ነች፤ አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ከኋላዋ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ከላይዋ የፀሐይ መከለያ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ልጆቹን ይዘን ሄድንና በማግስቱ ወደ ዘጌ ወሰዱን። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጋሼ ሰዓቱን ሙሉ ቆመው ነዱ፤ አንድ እጃቸው መሪው ላይ፣ ሌላው ወገባቸው ላይ። ማታ እትዬ ወገባቸውን በቅባት እያሹ «ሸጠናት ሱቅ እንክፈት ብል አልሰማ አሉኝ» አሉ። ጋሼ መልስ አልሰጡም። ዝምታቸው ግን እንደ ድሮው የእምቢታ አልመሰለኝም።

እኔ ደግሞ ችግር ሳይ ወዲያው ገበያ የምወጣ ሰው ነኝ። የጀልባዋ ወንበር ሳንቃ ነው፤ ላዩ ላይ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ አለ። «ስለሚቆረቁራቸው ነው የማይቀመጡት» ብዬ ደመደምኩ። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ አስቆርጬ፣ የሚያምር ሰማያዊ ልባስ አሰፍቼ ላክሁላቸው። ከሦስት ወር በኋላ የአጎቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ስፖንጄ ሳሎን ወለል ላይ ተነጥፎ፣ ሁለት ሕፃናት ተጋድመውበት ቴሌቪዥን ያያሉ! ለካ የመጀመሪያው ዝናብ ውሃ አጠጥቶት ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። ጋሼ ሲቀመጡበት ደግሞ ይሰምጣል፤ ማዕበል ሲመታቸው ታችኛው ሳንቃ ድረስ ይወርዳሉ።

እንግዲህ እኔ ማርኬቲንግ ላይ ነው የምሠራው። ደንበኛውን ሳትጠይቁ ምርት አታውጡ እያልኩ በየስብሰባው ሰው የማሰለች ሴት ነኝ። ጋሼን ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

በቀጣዩ ጉዞዬ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የማይቀመጡት?»

«ስቀመጥ ፊቴን አላየውማ፣ ልጄ!»

ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝና ሞተሩን አስነሡ። ጀልባዋ ፍጥነት ስትጨምር አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሣ፤ ከፊቴ ያለው ውሃ ጠፋኝ። የሚታየኝ የጀልባዋ ፊትና ሰማይ ብቻ ነው። «አሁን ከፊትሽ ታንኳ ቢኖርስ?» አሉኝ። የደንገል ታንኳ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም፣ ቀዛፊውም ተቀምጦ ነው የሚቀዝፈው። ጠዋት ጭጋግ ሲኖር ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ሰው እንኳ ያስቸግራል። ጋሼ ወገባቸውን እያመማቸው የሚቆሙት ለዚህ ነበር። እኔ ስፖንጅ ልኬ አረፍኩ።

ሜትር ይዘን የጀመርነው ያን ቀን ነው። ከሁሉ በፊት የሞከርነው ግን ሳንቲም አላስወጣንም። ከኋላ የተደረደሩትን የነዳጅ ጀሪካኖች ወደ መሐል አመጣን፤ ሁለት ሰዎችም ከኋላ ወደ ፊት ተዛወሩ። አፍንጫዋ በግልጽ ዝቅ አለች። ጋሼ ራሳቸው ተገርመው ሳቁ።

ቀጥሎ ወንበሩን ከፍ ማድረግ ነበረብን። ጋሼ ተቀምጠው ከአፍንጫዋ በላይ አሻግረው እስኪያዩ ድረስ ከሥራቸው ጣውላ ስንጨምር ቆይተን 62 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆምን። ከዚያ በላይ አልደፈርንም፤ ትንሽ ጀልባ ላይ ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መንገዳገዱ ይብሳል። ወንበሩ ከፍ ሲል እግራቸው ተንጠለጠለ። እግሩ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ የጭኑ ሥር ይደነዝዛል፣ ጀርባውም ይጎብጣል። ከጉልበታቸው እጥፋት እስከ ተረከዛቸው 43 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከወለሉ 19 ሳንቲ ሜትር ላይ የእግር ማሳረፊያ ብረት አስበየድን። መሪው ጭናቸውን እንዳይነካም 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጣ፤ ደግነቱ የመሪው ሽቦ ትርፍ ርዝመት ነበረው። አሁን ትከሻቸው ከመደገፊያው ሳይነሣ፣ ክርናቸው ትንሽ ታጥፎ መሪውንም ጋዙንም ይደርሱበታል። (ይህችን የክርን ነገር መኪናችሁ ውስጥም ሞክሯት። እኔ ስሞክራት ለስድስት ዓመት ወንበሬን ከመሪው አርቄ እንደነዳሁ ገባኝ።)

ስፖንጁንስ? በሁለት ንብርብር ሠራነው። ከሥር 5 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ፣ ውሃ የማይመጥ፣ የስፖርት ምንጣፍ የሚሠራበት ዓይነት፤ ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ለስለስ ያለ። ሳንቃውን ውሃ እንዲወርድበት በሳነው። ወንበሩ የታሰረው ከታች ሰፊ ብረት ተደርጎ በብሎንና በዳዶ ነው። በእንጨት ብሎን ብቻ የተያዘ ወንበር ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይነቅለዋል፤ ከነሰውየው። መደገፊያው ደግሞ አጭር ነው፤ ወገብ ይይዛል፣ ወደብ ሲጠጉ ግን ዞረው ኋላቸውን ከማየት አያግዳቸውም።

ሞተር ማጥፊያዋን ቀይ ገመድ ልንረሳት ነበር። ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት። ጋሼ ሲቀመጡም ሲቆሙም እንድትደርስ ለካናት።

ወንበሩ ሁሉን አልፈታም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ይናወጣል። የቆመ ሰው ድንጋጤውን በጉልበቱ ያበርደዋል፤ የተቀመጠ ሰው ግን በአከርካሪው ነው የሚቀበለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከእንዲህ ዓይነቱ ንዝረትና ምት እንዲጠብቁ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼም ማዕበል ሲያዩ ፍጥነት ይቀንሱና ማሳረፊያው ላይ ረግጠው ከወንበሩ ብድግ ይላሉ። ወደ ዳር ሲጠጉና ታንኳ በሚበዛበት ሰዓትም እንደ ድሯቸው ይቆማሉ። በቀረው መንገድ ይቀመጣሉ።

ስለ ሱቁ እትዬ ካነሡ ቆይተዋል። ቅባቱ ግን ዛሬም መስኮቱ ላይ አለ፤ አልዋሽም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይህ ወንበርሽ ሌላ ጣጣ አመጣ» አሉ። ለካ አንዳንድ ቀን የሚነዳላቸው ወጣት ከእሳቸው በአንድ ራስ ያጥራል፤ እግሩ ማሳረፊያው ላይ አልደርስ ብሎት ጀሪካን እየረገጠ ነው የሚነዳው። ከመጀመሪያው ብረት ከፍ ብሎ ሁለተኛ ብረት መበየድ አለበት። የልጁን እግር ለክተው እንዲልኩልኝ ነግሬያቸው እየጠበቅሁ ነው።