ያዘመመ ፊደል፣ የተጋለጠ ወርቅ



ሙግቴ ከኮምፒውተሩ ጋር አይደለም፤ ቁልፉን ያለቦታው ከሚጫኑት ጋር ነው። የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ ዎርድም ይሁን ሌላ፣ ከገጹ አናት ላይ ሦስት ቁልፎች ደርድሮልናል፤ አንዱ ፊደልን ያደምቃል፣ ሁለተኛው ያጋድላል፣ ሦስተኛው ከሥሩ ያሰምራል። ገጣሚዎቻችንም ስንኙ ሳይበስል ወደ ጌጡ ይሮጣሉ። እኔ ግን እላለሁ፤ ግጥም በእነዚህ ቁልፎች አያጌጥም፤ ይራቆታል።

ከሚያጋድለው እንጀምር። ኢታሊክ ስሙ እንደሚመሰክረው የጣልያን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1501 የቬኒሱ አሳታሚ አልዱስ ማኑቲየስ የቨርጂልን ሥራዎች በዚህ ፊደል አተመ። ቅርጹም የተቀዳው ከዘመኑ ጸሐፍት የእጅ አጣጣል ነበር። ስለዚህ ለላቲን ፊደል አብሮ አደጉ ነው። የእኛ የብራና ጽሕፈት ግን ስሙ ራሱ «ቁም ጽሕፈት» ነው! አብዛኞቹ የአማርኛ ፎንቶች ለብቻው የተቀረጸ ኢታሊክ ስለሌላቸው፣ ፕሮግራሙ የቆመውን ፊደል ገፍቶ ያዘነብለዋል። የምናገኘው ጌጥ ሳይሆን ምሰሶው የተነቀለ ጎጆ ነው።

አባቶቻችን ማጉላት አላወቁም ነበርን? ያውቁ ነበር። የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፉንም መግቢያ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት እንኳ፣ ኢታሊክ በተወለደበት አገር፣ ከተወለደ ከ12 ዓመት በኋላ፣ የተከተለው የብራናውን ቀይና ጥቁር ነው። ቀዩ ቀለም ግን ለክብር ነበር፤ ለጩኸት አልነበረም።

የሚያደምቀው ቁልፍ ደግሞ ይብሳል። ውሎዬ ከባንክ መስኮት ኋላ ነውና፣ ከዕለታት አንድ ቀን ይህችን ቋጠርኩ፤

ጥሬ ብበትንለት ወፉ መች ቀረበ፣
ብር አለ ከመስኮት ጎጆዬ ተራበ።

ሰሙ ወፉ ከመስኮቱ በረረ ነው። ወርቁ «አለ»ን ስናጠብቀው ይወጣል፤ ገንዘቡ ከመስኮቱ አለ፣ የቆጣሪው ቤት ግን ይራባል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ህብረ ቃሉ የሚኖረው በዚህች ዝምታ ውስጥ ነው። አንድ የመድበል አዘጋጅ ግን «አንባቢ እንዳያልፈው» ብለው «ብር አለ»ን አድምቀው አወጡት። ወርቁን ቆፍሮ የማግኘት ደስታ የአንባቢው ነበር፤ ከእጁ ተነጠቀ። ቅኔ ዘራፊ ህብረ ቃሉ ጋ ሲደርስ ጣቱን ይቀስራልን?

«አንባቢን መምራት ምን ክፋት አለው?» የሚሉኝ አሉ። በደብዳቤ ላይ ክፋት የለውም። እኔም በሥራ ሰዓት «ጉዳዩ» ከሚለው ሥር አሰምራለሁ፤ የገንዘቡን መጠን አደምቃለሁ። ደብዳቤ አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖረው ይገባልና። ግጥም ግን ደብዳቤ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ቁጥር የተሰጠው ለፊደሉ እንጂ ለድምቀቱ ወይም ለዝንባሌው አይደለም። ድምቀት በፊደል ላይ የሚደረብ ካባ ነው። ግጥማችሁን በስልክ የጽሑፍ መልእክት ለወዳጃችሁ ብትልኩት ካባው በመንገድ ይወልቃል። ያኔ የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ ባዶ ከሆነ ባዶነቱ ይደርሳል።

ፕሮግራሙን መጠቀም ለሚሻ የተሻለ መንገድ አለ። ስታይል የሚባለው ክፍል «ርእስ»፣ «ስንኝ»፣ «ጥቅስ» ብለን የጽሑፉን አካላት እንድንሰይም ይፈቅዳል። የስንኙን ኅዳግና የመስመሩን ርቀት አንድ ጊዜ ከወሰንን፣ መድበሉ ሙሉ ይታዘዘናል። የመጽሐፍ ስም መለየት ካስፈለገም «እንዲህ» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይበቃል። ይህ ሥርዓት ነው፤ ያኛው ግን ኳኳታ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፊደሉን እንደ ስሙ ቁም አድርጉት። ወርቁንም ለሚቆፍረው ተዉለት።

ቸር ያሰንብተን።

ሀዋሳ