ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት አይተካም!

በየመኝታ ክፍሉም ሆነ ተከራይተን በምንኖርባቸው ቤቶች አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር አይጠፋም። ይህን የሚቃወም የለም። እኛ የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ድምፁ ድንገት ጸጥ ሲል አንዱ ካቻቢቴ ይዞ ይነሣና የተቃጠለችውን ፊውዝ ያወጣል፤ ሌላው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት ቀዶ ያቀብለዋል፤ ጠቅልሎባት ይመልሳታል። ሙዚቃው ይቀጥላል፤ «አንተ እኮ ባለሙያ ነህ!» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ይህ ጭብጨባ መቆም አለበት እንላለን።

ለምን ቢሉ፣ በመስተዋቱ ቱቦ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ የተሠራችው እንድትቀልጥ ነው። ከተወሰነላት በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣባት ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች። 2 አምፔር የሚል የተጻፈባት ፊውዝ በ220 ቮልት መስመራችን ላይ እስከ 440 ዋት ድረስ ታሳልፋለች። አሁን በእርሷ ፈንታ ከገመድ የተመዘዘ የመዳብ ክር እናስገባ። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ክር ብቻ እንኳ ለመቅለጥ 7 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ሦስት አራቱ አንድ ላይ ቢጠመዘዙማ! ብርማው ወረቀት ደግሞ ስንት እንደሚችል ማን ለካው? እንግዲህ መቅለጥ ያለባት ካልቀለጠች ሌላው ይቀልጣል፤ መጀመሪያ የትራንስፎርመሩ ጥቅል፣ ቀጥሎ የገመዱ ልባስ፣ ከዚያ መጋረጃው።

ደግሞም ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት አትቃጠልም። ከማጉያው ጀርባ የስፒከሩ ገመድ ክሮች ተነካክተው ሾርት ሊያደርጉ ይችላሉ። ለድግስ ተብሎ ባለ 8 ኦም ስፒከር አራት ጎን ለጎን ሲቀጠል ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል፤ ብዙው የቤት ማጉያ ይህን አይችልም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው፣ ለ120 ቮልት የተሠራ ዕቃም አለ፤ እርሱን በቀጥታ በእኛ ሶኬት ላይ ሰክቶ ፊውዝን መውቀስ ምን ይባላል? መብራት ሄዶ ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ መብራት እንደሄደ ዕቃውን መንቀል ይበጃል።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ከሶኬቱ ይነቀል። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ ክዳኑን ከፍቶ እጅ መስደድ የለም። የምትተካዋ ፊውዝ አምፔሯ ከቀድሞዋ ጋር እኩል፣ ቮልቷ የማያንስ መሆን አለበት። ቶሎ የምትቀልጥና የምትዘገይ የሚባሉ ዓይነቶችም አሉ፤ ማጉያ ሲበራ ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ፣ በዘገየችው ቦታ ቶሎ የምትቀልጠውን ቢያስገቡ ያለ ጥፋቷ ትቃጠላለች። በዓይን አይቶ «ደህና ናት» ማለትም አያስተማምንም፤ በቴስተር ትለካ። ከስፒከሩ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ የማጉያውን ትታችሁ የስፒከሩን ጀርባ እዩ፤ አንዳንዱ ትንሿን ስፒከር የሚጠብቅ የራሱ ፊውዝ አለው። አዲሷም ወዲያው ከተቃጠለች ሦስተኛ አይሞከርም፤ ዕቃው ወደ ሬዲዮ ሠሪ ይሂድ።

«ገጠር ስንመደብ ፊውዝ ከየት ይመጣል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እኮ አራት አምስት ፊውዝ በፖስታ አድርጎ ከማጉያው ጀርባ መለጠፍ ምን ያህል ያስከፍላል? ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያው ማጉያ ሲዘጋ ርዕሰ መምህሩ «መምህር፣ እስቲ እይልን» ማለቱ አይቀርም። በዙሪያችን የሚቆሙት የክበቡ ልጆች ናቸው፤ እጃችንን ነው የሚያዩት። ወረቀት ስንጠቀልል ያየ ልጅ ማታ ቤቱ ሄዶ፣ ሶኬቱን እንኳ ሳይነቅል፣ ያንኑ ይሞክራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራችን ፊውዝ መለካትና መቀየር በተግባር ይታየን። እስከዚያው ድረስ በየክፍሉ ያሉት ማጉያዎች ተነቅለው ይፈተሹ፤ ወረቀት ወይም ሽቦ የተገኘበት ትክክለኛዋ ፊውዝ እስክትገዛለት ድረስ ዝም ይበል። አንድ ቅዳሜ ማታ ያለ ሙዚቃ ቢያልፍ የሚሞት ሰው የለም።